የጎደለው ጉልቻ

ዲላ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ሳልህ ናጂ፣ ለጊዜው የመናዊ፣ ለወደፊቱ ደግሞ ሹማምንቱ እንደ ፈቀዱ፤ አዲስ አበባ፣ መርካቶ።

ጤናህን አልጠይቅም። በላክኸው ደብዳቤ ሦስት ጊዜ «ደህና ነኝ» ብለሃል፤ አንዱን ለእናቴ፣ አንዱን ለሀዲጃ አካፍዬ አንዱን ለራሴ አስቀርቻለሁ። እኛም አለን። ልጅህን ብቻዋን አንተዋትም ብለን እናቴና እኔ እቤታችሁ ገብተናል። የስፌት መኪናህን አቧራ እንዳይጠጣ በነጠላ ሸፍኜዋለሁ። ሰው ሁሉ በረንዳው ላይ ሲያየው «ምነው፣ አረቡ ሞተ እንዴ?» ይለኛል። «አልሞተም፤ ሊወለድ ነው የሄደው» እላለሁ።

«ስለ መሬቱ አዲስ ነገር አለ ወይ?» ላልኸው፣ የለም። የአውራጃው ጸሐፊ የሚለው ያው የድሮውን ነው። አዲስ አበባ ገብተህ ሐሳብህ እንዳይበተን ግን ልድገምልህ። አባቴ አቶ እንግዳ ሲናዘዝ የጪጩን የቡና መሬት ለእኅቴ ለጸሐይ፣ ለሚስትህ፣ ሰጠ፤ ለእኔ በቅሎዋን። በወሩ በቅሎዋን ሸጬ ብስክሌት ስገዛ ሽማግሌው አበጥሮ ያውቀኝ እንደነበር ገባኝ። ጸሐይ ደግሞ ይኸው ሐምሌ ላይ በሞት ጥላን ሄደች። ከዚያ ወዲህ «የውጭ አገር ሰው የኢትዮጵያን መሬት አይይዝም» ተባለ። ሀዲጃም፣ ዲላ ተወልዳ ዲላ ያደገችው፣ በአባቷ የመናዊት ናት ተባለች። ስድስት ወር ሰጧችሁ። ጥር ሳይገባ የዜግነት ወረቀት ይዘህ ከመጣህ መሬቱ የአንተና የልጅህ ነው። ካልመጣህ በኑዛዜው መሠረት ወደ አባቴ ሁለተኛ ልጅ ያልፋል።

ሁለተኛው ልጅ ማን እንደሆነ ታውቃለህ። አማርኛ ማንበብና መጻፍ ያስተማረህ፣ ለጥያቄው ያሰናዳህ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያሾፍብህ የኖረው ዋርሳህ ደመላሽ ነው። ከተማው ይህን ከእኔ ቀድሞ አስልቶታል። ትናንት ጠጅ ቤት አንዱ «ለጅብ የሥጋ አደራ ሰጥቶ ሄደ» ሲል ሰምቼ አብሬ ሳቅኩ። ቤት ስደርስ ግን ሳቁ አልወረደልኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ምንድን ነው የሚጠይቁት? ይህ ነገር ዕረፍት ነስቶኛል። እኔ ኢትዮጵያዊ የሆንኩት ማንም ምንም ሳይጠይቀኝ ነው፤ ስለዚህ ቢጠይቁኝ ምን እንደምል አላውቅም። የወንዝ ስም ነው? የጠቅላይ ግዛት ቁጥር ነው? ቆመህ ነው ወይስ ተቀምጠህ? ስንት ሆነው ነው የሚጠይቁህ? ስትሳሳት ፊታቸው ይጠቁራል ወይስ ዝም ብለው ይጽፋሉ? አንዱንም ሳታስቀር ጻፍልኝ።

ንባቡ አያሳስበኝም። አስተማሪህ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠ ቢሆንም መጽሐፍህ ጥሩ ነበር። ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ለባለጉዳይ ከምጽፈው ማመልከቻ የተበላሸብኝን ሁሉ እያመጣሁ ፊቱን አስነብቤሃለሁ፣ ጀርባውን አስጽፌሃለሁ። የሚያሳስበኝ ሌላው ትምህርት ነው። ስለ አገሩ ወግ ከነገርኩህ ውስጥ ግማሹ እውነት ነው፤ የትኛው ግማሽ እንደሆነ ግን አሁን አሁን ለእኔም ተምታቶብኛል። ሹም ቢሮ ሲገባ ሦስት ጊዜ ይሳላል ያልኩህን ለምሳሌ ተወው።

አንድ የቤት ወሬ ልጨምርልህ። ከምድጃችሁ ላይ አንዱ ጉልቻ ጠፍቷል። ድስት በሁለት ድንጋይ ላይ አይቆምምና የእናቴ ጎመን ተደፍቶ ግማሹን አመዱ በላው። ጡብ ተክቼበታለሁ፤ ጡቡ በሁለተኛው ቀን ተሰነጠቀ። የሰፈር ልጆች ወስደውት ይሆናል ብዬ ሀዲጃን ብጠይቃት «እኔ ምን አውቃለሁ፣ አጎቴ» ብላ ጣራ ጣራውን አየች።

ዋርሳህ ደመላሽ


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 19 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለአቶ ደመላሽ እንግዳ
ዲላ

ጉዳዩ፦ ደህንነትን ስለ ማሳወቅና ለጥያቄ መልስ ስለ መስጠት

ከላይ በአርእስቱ እንደተመለከተው እኔ አመልካች ደህና ነኝ። እናትህም ልጄም ደህና እንዲሆኑ በትሕትና አመለክታለሁ።

የጠየቅኸኝ ጥያቄዎች ቁጥራቸው ብዙ ስለሆነ ሹማምንቱ ከጠየቁኝ ይበልጣል። እነሱ ሦስት ናቸው። አንዱ ሽማግሌ ነው፣ ነጭ ጢም አለው። ሁለተኛው መነጽር አለው። ሦስተኛው ወጣት ነው፣ እሱ ይጽፋል። ተቀመጥ አሉኝ፤ አንተ እንዳስተማርኸኝ ሁለት ጊዜ እንቢ ብዬ በሦስተኛው ተቀመጥሁ። ሽማግሌው ደስ አለው።

አንድ ገጽ ሰጥተውኝ አነበብሁ። ባለ መነጽሩ ጥሩ ነው አለና የት ተማርህ አለኝ። ፍርድ ቤት ደጃፍ፣ አልሁ። ብዕሩን አስቀመጠና በምን ተከሰህ ነው አለኝ። ተከሳሽ አለመሆኔን፣ ዋርሳዬ ራፖር ጸሐፊ መሆኑን ብዙ አስረዳሁ። ቀጥሎ ለልጅህ ደብዳቤ ጻፍ ተባልሁ። እንዲህ ጻፍሁ፦ «ለሀዲጃ ሳልህ፣ ዲላ። ጉዳዩ፦ ናፍቆትን ይመለከታል።» ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ሽማግሌው ወረቀቱን አይቶ፣ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ለምን እንደወሰደው አላውቅም። መውደቄ ይሁን ማለፌ ይሁን አልነገሩኝም።

አንድ ጥያቄ ግን መልስ አላገኘሁለትም። «ከመቼ ጀምሮ ነው ኢትዮጵያዊ ነኝ ያልኸው?» አሉኝ። እስከ መሐላው ቀን አስብበት አሉኝ። ስለዚህ አንተ ከመቼ ጀምሮ እንደሆንህ፣ ሌላውም ሰው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠይቀህ እንድትገልጽልኝ እጠይቃለሁ፤ ለማስረጃ ይጠቅመኛል።

አንተ በሰጠኸኝ መመሪያ መሠረት ለመሐላው ቀን የሚያስፈልገው ዕቃ በሻንጣዬ ይገኛል።

አመልካች ሳልህ ናጂ


ዲላ፣ ጥቅምት 29 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለተከበርከው አመልካች፣

«ጉዳዩ፦ ናፍቆትን ይመለከታል» የሚለውን ለሀዲጃ ሳነብላት መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ ወረቀቱን ከእጄ ቀማችኝ። ያ ሽማግሌ ለምን ኪሱ እንደከተተው እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ልጅ ርቆበት ይሆን? ስታገኘው ጠይቀው። አትፈር፤ እሱ አንተን እየጠየቀ አይደል።

በላክኸኝ ጥያቄ የተነሣ ሥራ ፈትቼአለሁ። ሰኞ ዛፌ ሥር ተቀምጬ ማመልከቻ የሚያጽፈውን ሁሉ «ከመቼ ጀምሮ ነው ኢትዮጵያዊ የሆንኸው?» ስለው ዋልኩ። አንዱ ቁጣው መጣና ወደ ሌላ ጸሐፊ ሄደ። ሌላው «ምን ጠፋብህ፣ ግብር አልገበርክም ልትለኝ ነው?» ብሎ ደረሰኝ ከኪሱ አወጣ። ቡና ለቃሚዋ ሴትዮ ደግሞ «እኔ እንኳ ከባሌ ጋር ነው የመጣሁት» አለችኝ።

ከሁሉ የጠለቀብኝ የአቶ ጂግሶ መልስ ነው። ያን የጪጩውን፣ በአባቴ መሬት ላይ ሲሶ የሚያርሰውን ሽማግሌ ማለቴ ነው። በእናቴ ቋንቋ በጌዴኦኛ ጠየቅኩት፤ ግማሹን እሱ አረመኝ። እንሰቱን መፋቁን ሳያቋርጥ ምን አለኝ መሰለህ፦ «ግብር ስሰጥ ኢትዮጵያዊ ነህ ይሉኛል። ፍርድ ቤት ስቆም አስተርጓሚ ይዘህ ና ይሉኛል። አረቡ አማርኛ ችሎ ከሆነ እሱ ይቀድመኛል፤ ሲመለስ ያስተምረኝ።» እንደ ቀልድ አለው፤ እኔ ቀልድን በሽታው አውቀዋለሁ፣ ይህኛው አልሸተተኝም።

እናቴን ጠየቅኳት። «አንተን ስወልድ ማንም አልጠየቀኝም። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ልጅ ነው ቢሉኝ ኖሮ አስብበት ነበር» አለችኝ።

በመጨረሻ ሀዲጃ እኔኑ ፈተነችኝ። ዐሥራ አራቱን ጠቅላይ ግዛት ጥራ አለችኝ። ዘጠኝ ጠርቼ ቆምኩ፤ ከዘጠኙ አንዱ ከተማ ኖሯል። «አጎቴ፣ አንተ ወድቀሃል፤ ትባረራለህ» አለችኝ። ወዴት ነው የምባረረው ብላት «እስከ ጪጩ» አለች። ጋሼ፣ ነገሩ ቢያስቅም አንድ ነገር ልንገርህ፦ ከአንተ ጋር አንድ ወንበር ላይ ቢያስቀምጡን የምታልፈው አንተ ነህ። እኔ ከመቼ ጀምሮ እንደሆንኩ አላውቅም፤ የምሆነው ስላጣሁ የሆንኩ ይመስለኛል።

አጎቴ ታረቀኝ ከገደብ ከተማ መጥቶ ሁለት ቀን ሰነበተ። ለእናቴ አንድ ቅል ማር፣ ለእኔ አዲስ ኮት ይዞ ነው የመጣው። የሚጻፍ ነገር ነበረው፤ ጻፍኩለት። ምን እንደሆነ ስትመጣ እነግርሃለሁ። ኮቱ ትከሻው ላይ ይጠብበኛል፤ ስትመለስ ታሰፋልኛለህ ወይም ትመልሰዋለህ።

በሻንጣህ ያለው ዕቃ ምንድን ነው? እኔ የሰጠሁህ መመሪያ ንጹሕ ጫማና ያልተጨማደደ ኮት ነው። ሌላ ነገር አልኩህ እንዴ?

ደመላሽ፣ በዘጠኝ ጠቅላይ ግዛት የሚኖር


ዲላ፣ ኅዳር 14 ቀን 1958 ዓ.ም.

ጋሼ ሳልህ፣

ሰላምታውን አቆየው። መሐላው ኅዳር 17 መሆኑን የጻፍክልኝ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ይህን ደብዳቤ የጭነት መኪና ለሚነዳው ለፈለቀ ሰጥቼዋለሁ፤ በእጅህ ካልሰጠህ ዲላ እንዳይመለስ በእናቱ አስምዬዋለሁ።

«ዕቃውን አንገት ላይ የማደርገው በር ላይ ነው ወይስ ፊታቸው ስደርስ?» ብለህ የጠየቅኸኝን ሳነብ አልገባኝም ነበር። ሁለተኛ አነበብኩት። ከዚያ ወደ ምድጃው ሄጄ የተሰነጠቀውን ጡብ አየሁ። ሀዲጃን ጠራኋት። ቁና ቁና እየተነፈሰች «አባዬ ለማንም አትንገሪ ብሎኛል፤ ጉልቻውን ሻንጣው ውስጥ ሲከተው አይቻለሁ» አለች።

ጋሼ፣ ቀልድ ነበር። የጸሐይ ዐርባ በወጣ በማግሥቱ «በመሐላው ቀን ምን ይደረጋል?» ብለህ ጠየቅኸኝ። እኔም ፊቴን ኮስተር አድርጌ «ከቤትህ ድንጋይ ይዘህ ትሄዳለህ። አንገትህ ላይ ጭነህ፣ ጎንበስ ብለህ ፊታቸው ትገባለህ፤ እንዲህ ያላደረገ ባዕድ አይቀበሉትም» አልኩህ። አንተ ብዕርህን አውጥተህ ጻፍከው። እኔ ጓሮ ወጥቼ እስኪያመኝ ሳቅኩ። እኅቴ ከተቀበረች ወዲያ የመጀመሪያ ሳቄ ነበር። «ውሸቴን ነው» ብዬ ብመለስ ሳቁ የሚያልቅብኝ መሰለኝ። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገ ሲያልፍ ረሳሁት።

እውነቱን ስማ። በእኛ አገር ድንጋይ አንገቱ ላይ ጭኖ የሚገባ ሰው በዳይ ነው። ነፍስ ያጠፋ ወይም ከነፍስ ያልተናነሰ በደል የሠራ፣ በተበዳዩ ፊት ወድቆ ይቅር በሉኝ የሚል። ሹማምንቱ አንተን እንደዚያ ሲያዩ የሚያስቡት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህ ሰው ደም አለበት። ሕጉ ደግሞ ወንጀል ያለበትን ሰው አይቀበልም። ራስህ ነህ ያነበብክልኝ፤ በየመስመሩ ጣትህን እያስኬድክ።

ጉዳቱ ያንተ ነው፤ ትርፉ ግን የእኔ ነው። ቀልድ ነበር ብል ማን ያምነኛል? ለእናቴ ነገርኳት። ከእንሰት ዱቄቱ ላይ እጇን አነሣችና ዐይን ዐይኔን አየችኝ። «ቀልድ ነው?» አለችኝ። መልስ የምትፈልግበት ጥያቄ ነበር፣ ጋሼ። የወለደችኝ ሴት ናት የጠየቀችኝ።

ከጀመርኩ ልጨርሰው። አጎቴ ታረቀኝ ያጻፈኝ የመሬቱን ማመልከቻ ነው። «አረቡ ባይሳካለት ጊዜ እንዳያልፍብህ፤ ለማንኛውም ይኑር» አለኝ። እኔም በእጄ ጻፍኩት። ከጻፍኳቸው ሁሉ ያማረ ማመልከቻ ነው። ፈርሜበታለሁ። አላስገባሁትም። አልቀደድኩትምም። ፍራሼ ሥር ነው፤ ስገላበጥ ይንኮሻኮሻል። ለምን እንዳልቀደድኩት ብትጠይቀኝ ከጠቅላይ ግዛቶቹ ይልቅ ይከብደኛል።

ድንጋዩን እዚያው ሻንጣው ውስጥ ተወው። ባዶ እጅህን ግባ። የሰጡህን ወረቀት አንብብ፣ በቁርዓንህ ማል፣ ውጣ። እባክህ፣ ጋሼ። ይህን ቃል ከእኔ ሰምተኸው እንደማታውቅ አውቃለሁ።

ደመላሽ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 19 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለዋርሳዬ ለደመላሽ
ዲላ

ጉዳዩ፦ የለም

ደብዳቤህ መሐላው ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው ደርሶኛል። ፈለቀ መርካቶን ቤት ለቤት ሲያስስ ውሎ አገኘኝ። እስካነብ ድረስ ቆሞ ጠበቀኝ፤ እናቱን በጣም ይወዳል።

አነበብሁት። በማግሥቱ ድንጋዩን ይዤ ሄድሁ።

ዲላ ዐሥራ ስምንት ዓመት ኖሬአለሁ። በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ የሰው ልብስ እየሰፋሁ ስንት ዕርቅ አይቻለሁ። ድንጋይ የተሸከመ ሰው ምን እንደሆነ የማላውቅ መስሎሃል? ያን ቀን ስትነግረኝ ቀልድ እንደሆነ ገና ሳትጨርስ ዐውቄአለሁ። የጻፍሁት ብዕሬን ካላነሣሁ የማትስቅ መስሎኝ ነው። ጓሮ ሆነህ ስትስቅ ሀዲጃም ሰማችህ። እሷም ሳቀች፤ በምን እንደሆነ ሳታውቅ። ከቀብሩ በኋላ በቤታችን ሳቅ አልነበረም። ስለዚህ ወረቀቱን አልቀደድሁም።

በኋላ ግን ወረቀቱን ማታ ማታ አነበው ጀመር። አባቴን ትቼው የመጣሁት በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። መርከብ የምሳፈር ቀን ሁለት ዓመት ብዬው ነበር። በየዓመቱ በሰው ይልክብኛል፦ ሁለቱ ዓመት አላለቀም ወይ? በዘጠነኛው ዓመት መላኩን አቆመ፤ ሞቶ ነው። አልቀበርሁትም። አሁን ደግሞ የልጅ ልጁን ወደ ሌላ አገር መዝገብ ላዛውር ነው። ሚስቴ የተቀበረችበትን፣ ልጄ የተወለደችበትን አገር መውደዴ በደል አይደለም። ግን አንድ ሰው ሳይመርቀኝ ቀርቷል። አንተ የነገርኸኝ ውሸት ለእኔ ልክ ሆኖ ተገኘ፤ እንደ ተለካ ልብስ።

በር ላይ ዘበኛው ምንድን ነው አለኝ። ማስረጃ ነው አልሁት። ማስረጃ ብሎ አሳለፈኝ።

ስገባ ሦስቱም ቆሙ። ሽማግሌው «ማንን ገድለህ ነው?» አለኝ። አንተ እንዳልኸው ሁሉም ነገር ሊጠፋ መሆኑን ፊታቸው ላይ አየሁት። የገደልሁት የለም፣ የበደልሁት አባቴን ነው አልሁ። አሁን የጻፍሁልህን ነገርኋቸው። ሞቷልና የምታረቀው ሰው የለኝም፤ ከእናንተ አንዱ ስለ እሱ ይሁንልኝ አልሁ። ባለ መነጽሩ ይህ በደንቡ ውስጥ የለም አለ። ወጣቱ «አመልካቹ አንድ ድንጋይ አቅርቧል» ብሎ ጻፈ።

ሽማግሌው ከጠረጴዛው ዞሮ መጣ። ትንፋሹን ጆሮዬ ላይ ሰማሁት። ድንጋዩን ከአንገቴ አንሥቶ ወረቀቶቹ ላይ አስቀመጠው። «አባትህ ቢኖር እንዲህ ነበር የሚያደርገው። ቀና በል» አለኝ። ቀና አልሁ።

ከዚያ ያን ጥያቄ ደገሙት፤ ከመቼ ጀምሮ? ድንጋዩ ፊት ለፊቴ ነበር፤ ጥቀርሻው ያንዱን ዶሴ ሽፋን አጥቁሮታል። የቤቴ ጉልቻ ነው አልኋቸው። ሁለቱን ሚስቴ ከእናቷ ቤት አመጣች፤ ሦስተኛውን ከለገዳራ ወንዝ ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ከዚያን ዕለት ጀምሮ አልሁ። ማል አሉኝ። ማልሁ።

ወረቀቱን ሰጥተውኛል። ማኅተሙ ትልቅ ነው። ልወጣ ስል ተመለስሁና ድንጋዬን ስጡኝ፣ ቤት ድስት ተጣሟል አልሁ። ሽማግሌው ያን ጊዜ ነው የሳቀው። የልጄን ደብዳቤም ከኪሱ አውጥቶ «አሁን ላከው» ብሎ መለሰልኝ።

ማመልከቻህን አትቅደደው። በአንድ በኩል ብቻ የተጻፈ ከሆነ ጀርባው ባዶ ነው፤ ሀዲጃ ጽሕፈት ትለማመድበት። እኔም በዚያ ነው የተማርሁት። ፍራሽህ ሥር በመገኘቱ ግን አዝኛለሁ። ይህን ሳልጽፍ ልቀር ነበር፤ ከመሐላ በኋላ ውሸት ጥሩ አይደለም ብዬ ጻፍሁት።

ቅዳሜ እገባለሁ። የጉልቻው ቦታ እንዳይደፈን። አንተስ ስንት ኪሎ ትችላለህ?

ሳልህ


ዲላ፣ ኅዳር 23 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይድረስ ለአቶ ሳልህ ናጂ፣ ለኢትዮጵያዊው፤

ደብዳቤህን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ስለ ፍራሹ የጻፍከው ጋ ስደርስ ዘልዬ ላልፈው አሰብኩ፤ አላለፍኩትም። ሲያልቅ እሷም ለአንድ ሳምንት ያልሰጠችኝን የቆጮውን መሐል ቆርሳ ሰጠችኝ። ከዚያ «አሁን ቀልድ ነው» አለች።

ማመልከቻው እንዳልከው ሆኗል። ሀዲጃ በጀርባው ዐሥራ አራቱን ጠቅላይ ግዛት በተርታ ጽፋ እኔ የቀሩኝን ስድስቱን እንዳጠና አዝዛኛለች። ከሥሩ «ለአቶ ደመላሽ፣ ጉዳዩ፦ የቤት ሥራን ይመለከታል» ብላበታለች። አጎቴ ታረቀኝ ሐሙስ ከገደብ መጥቶ ወረቀቱን አምጣ አለኝ፤ አመጣሁለት። ፊቱን አነበበ፣ አገላበጠ፣ ከፋንና ሌሎቹን ጠቅላይ ግዛቶች አየ። ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ። ኮቱንም ይዞት ሄደ፤ ከጠበበኝ ነገር ተገላገልኩ።

አቶ ጂግሶ ወሬውን ሰምቶ ዛፌ ሥር መጣ። ድንጋዩን ያነሡልህ ሹም አስተርጓሚ ነበራቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አልነበራቸውም አልኩት። «እንግዲያው እኔም አንድ ድንጋይ ልፈልግ» አለ። አሁንም ቀልድ ይሁን አይሁን አላወቅኩም። ፊደሉን ግን ከሰኞ ጀምሮ ትጀምርለታለህ ብዬ ቃል ሰጥቼብሃለሁ።

እንግዲህ ለመጨረሻው ጥያቄህ። በቅሎ የሸጥኩ፣ ብስክሌት ከመንዳት በቀር የከበደ ነገር ያልሞከርኩ ሰው ስንት ኪሎ እንደምችል ከየት አውቄ? እስከ ዛሬ መዝኖኝ የሚያውቅ የለም። ከሥራው የቀረሁ እንዳይመስልህ፣ ምድጃውን ጠርጌ ጡቡን ጥዬዋለሁ፤ የጉልቻው ቦታ ባዶውን ይጠብቃል። ወደ ምድጃው ከመመለሱ በፊት ግን ድንጋዩ አንድ ሥራ ይቀረዋል። ሰው ያያል ብለህ አትሳቀቅ፤ እንዲያውም ያ የጠጅ ቤቱ ሰውዬ ይምጣና ይይ፤ እኔው ነግሬዋለሁ።

ቅዳሜ ከአውቶቡሱ ስትወርድ ድንጋዩን ሻንጣ ውስጥ አትተወው። በእጅህ ይዘኸው ውረድ። አንገቴን እኔ አመጣለሁ።

ደመላሽ